የጎርፉን ሂሳብ ማን ይክፈል? የቬርሞንትና የኒውዮርክ ሕጎች ከነዳጅ ኩባንያዎች ምን ይፈልጋሉ?

ጁላይ 10 ቀን 2023 በአሜሪካዋ ቬርሞንት ግዛት ዝናቡ ሳያባራ ዋለ፣ አደረ። የዊኑስኪ ወንዝ ሞላና ወደ ግዛቷ ዋና ከተማ ወደ ሞንትፒሊየር ገባ። ሞንትፒሊየር ስምንት ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት ትንሽ ከተማ ናት። መሀል ከተማዋ በውሃ ተዋጠ። ሱቁም፣ ምግብ ቤቱም፣ መሥሪያ ቤቱም ለወራት ጭቃ ሲጠርግ ከረመ።

ዓመት ሳይሞላ፣ ሜይ 30 ቀን 2024፣ ቬርሞንት በአሜሪካ የመጀመሪያ የሆነውን ሕግ አጸናች። የአየር ንብረት ለውጥ ካደረሰባት ኪሳራ ትልልቆቹ የድንጋይ ከሰል፣ የዘይትና የጋዝ ኩባንያዎች ድርሻቸውን እንዲከፍሉ የሚያዝ ሕግ ነው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 26 የኒውዮርክ ገዥ ካቲ ሆኩል ተመሳሳይ ሕግ ፈረሙ። ከዚያ ወዲህ የነዳጅ ኩባንያዎች ማኅበር፣ 22 ግዛቶችና የፌዴራሉ መንግሥት ራሱ ሕጎቹን ለማስቆም ፍርድ ቤት ሄደዋል።

ጉዳዩ በሰፊው ሲወራ ብዙ ነገር ይምታታል። አንዱ “አዲስ የቤንዚን ታክስ መጣ” ይላል። ሌላው “ኩባንያዎቹ ተከሰው ተፈረደባቸው” ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ሕጎቹ ዛሬ በሚሸጠው ቤንዚን ላይ ታክስ አይጥሉም። በማንም ላይ የጥፋተኝነት ፍርድም አይሰጡም። አስቀድሞ ለወጣ ወይም መውጣቱ ለማይቀር ወጪ የክፍያ ድርሻ የሚደለድሉ ሕጎች ናቸው። ነገሩን ለመረዳት ከዚህ መነሳት ያስፈልጋል። የጎርፉ ሂሳብ ሕጉ ቢኖርም ባይኖርም አለ። ክርክሩ ከማን ኪስ ይውጣ ነው።

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

“ሱፐርፈንድ” የሚለው ስም ከየት መጣ?

ሁለቱም ሕጎች “የአየር ንብረት ሱፐርፈንድ” ይባላሉ። ስሙ የተወሰደው ከ1980ው የፌዴራል ሕግ ነው። የዚያ ሕግ መነሻ ደግሞ እዚያው ኒውዮርክ ግዛት፣ ናያግራ ፎልስ ከተማ ውስጥ የነበረ ላቭ ካናል የሚባል ሰፈር ነው። ሁከር የተባለ የኬሚካል ኩባንያ ከ1940ዎቹ ጀምሮ እዚያ ከ20 ሺህ ቶን በላይ መርዛማ ቆሻሻ ቀበረ። በ1953 መሬቱን ለከተማዋ የትምህርት ቦርድ በአንድ ዶላር ሸጠው። ትምህርት ቤት ተሠራበት፣ በዙሪያው መንደር ተቆረቆረ። በ1970ዎቹ መርዙ ወደ ቤቶቹ ምድር ቤት፣ ከመሬት በታች ወዳለው ክፍል፣ ሲሰርግ ታየ። በ1978 ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጁ፣ ቤተሰቦች ከሰፈሩ ወጡ።

ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው የሱፐርፈንድ ሕግ መርሁ “የበከለ ይክፈል” የሚል ነው። ሕጉ አንድ ጠንካራ ባሕርይ አለው። ኩባንያው ቆሻሻውን በጣለበት ጊዜ ድርጊቱ ሕጋዊ የነበረ ቢሆን እንኳ ከማጽጃ ወጪው አያመልጥም። ሕግ ጣስክ አትጣስ ብሎ አይጠይቅም። ቆሻሻው ያንተ ነው ወይስ አይደለም ብሎ ብቻ ይጠይቃል።

ቬርሞንትና ኒውዮርክ ይህንን ሐሳብ ከመሬት ወደ አየር አወጡት። በርሜል ውስጥ የተቀበረ መርዝ በነበረበት ቦታ ሙቀት አማቂ ጋዝን አስገቡ። ሙቀት አማቂ ጋዝ ማለት እንደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሚቴን ያለ፣ የፀሐይን ሙቀት አፍኖ ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ ነው። ንጽጽሩ ግን እስከ መጨረሻው አይሄድም። የላቭ ካናል መርዝ አንድ ቦታ ነበር፣ ባለቤቱም ይታወቃል። አየር ላይ የወጣ ጋዝ ከዓለም ሁሉ ጋዝ ጋር ይቀላቀላል። የሕጎቹ ብርታትም ድካምም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ሂሳቡ እንዴት ይሠራል?

መጀመሪያ ማን ይከፍላል? የቅሪተ አካል ነዳጅ፣ ማለትም ከሰል፣ ዘይትና ጋዝ፣ የሚያወጡ ወይም ድፍድፍ ዘይት የሚያጣሩ ድርጅቶች ናቸው። ግን ሁሉም አይደሉም። በተቆጠሩት ዓመታት ውስጥ ከምርታቸው ከአንድ ቢሊዮን ቶን በላይ ሙቀት አማቂ ጋዝ የወጣ ብቻ ናቸው የሚገቡት። ቬርሞንት ከ1995 እስከ 2024 ያሉትን 30 ዓመታት ትቆጥራለች። ኒውዮርክ የምትቆጥረው ከ2000 ወዲህ ያለውን ነው።

አንድ ቢሊዮን ቶን ምን ያህል ነው? አንድ በርሜል ዘይት ሲቃጠል 430 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ስለዚህ አንድ ቢሊዮን ቶን ለመድረስ ከሁለት ቢሊዮን በርሜል በላይ ዘይት መቃጠል አለበት። የሰፈር ማደያ ወይም ለቤት ማሞቂያ ዘይት በቦቴ የሚያመላልስ ነጋዴ ወደዚህ ቁጥር አይጠጋም። ወጥመዱ የተዘጋጀው ለግዙፎቹ ነው።

ቀጥሎ ስንት ይከፍላሉ? እዚህ ላይ ሁለቱ ግዛቶች መንገዳቸው ይለያያል። ኒውዮርክ ጠቅላላውን ቁጥር በሕጉ ላይ ጻፈችው። 75 ቢሊዮን ዶላር በ25 ዓመት፣ ማለትም በዓመት ሦስት ቢሊዮን። እያንዳንዱ ኩባንያ ከጋዙ ባለው ድርሻ ልክ ይከፍላል። ቬርሞንት ግን ቁጥር አልቆረጠችም። የግዛቷ የግምጃ ቤት ኃላፊ የደረሰውን ኪሳራ መጀመሪያ እንዲያጠና፣ ከዚያ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቷ ለየኩባንያው እንዲያከፋፍል አዘዘች። የቬርሞንት መንገድ አዝጋሚ ነው። ፍርድ ቤት ፊት ግን “ቁጥሩን ከየት አመጣችሁት?” ለሚል ዳኛ የተሻለ መልስ ያለው ይመስለኛል።

ገንዘቡ ሲመጣ ለካሳ እየተባለ ለግለሰብ አይታደልም። ለመከላከያና ለጥገና ሥራ ነው የሚውለው። የጎርፍ ማፋሰሻ ቦይ፣ ድልድይ ከፍ አድርጎ መሥራት፣ የባሕር ዳርቻ መከላከያ፣ በትምህርት ቤቶች ማቀዝቀዣ መግጠም፣ የኤሌክትሪክ መስመር ማጠናከር የመሳሰለው ነው። የኒውዮርክ ሕግ ከጥቅሙ ቢያንስ 35 ከመቶው በብክለትና በድህነት ለተጎዱ ሰፈሮች እንዲሆን ያዛል። ምክንያቱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሴፕቴምበር 2021 የአይዳ አውሎ ነፋስ ትራፊ ኒውዮርክ ከተማን ሲመታ 13 ሰዎች ሞቱ። ከእነሱ 11ዱ የሞቱት በምድር ቤት መኖሪያዎች ውስጥ ነው። ምድር ቤት ተከራይቶ የሚኖረው ደግሞ ሌላ ቤት መክፈል ያቃተው ሰው ነው፤ ብዙው ስደተኛ ነው።

የማን ጋዝ የትኛውን ጎርፍ አመጣ?

ከ20 ዓመት በፊት ይህ ሕግ ቢወጣ ኖሮ በዚህ ጥያቄ ላይ ይወድቅ ነበር። አሁን ሁለት የጥናት ዘርፎች መልስ ይዘው መጥተዋል።

የመጀመሪያው የምርት ቆጠራ ነው። ተመራማሪው ሪቻርድ ሂዲ ከኩባንያዎቹ የራሳቸው የምርት መዝገብ ተነስተው ማን ስንት አወጣ የሚለውን አሰሉ። በ2014 ባሳተሙት ጥናት ከኢንዱስትሪ አብዮት ወዲህ ከወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሚቴን ሁለት ሦስተኛው ገደማ ከ90 አምራቾች ጋር እንደሚያያዝ አሳዩ። ይህ ቆጠራ “ካርቦን ሜጀርስ” በሚል ስም ዛሬም ይቀጥላል።

ሁለተኛው “አትሪቢውሽን ሳይንስ” ይባላል። አንድ የአየር ሁኔታ አደጋ ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር ምን ያህል እንደሚያያዝ የሚመዝን ጥናት ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ ሁለት ዓለም በኮምፒውተር ይሠራሉ። አንዱ ያለንበት ነው። ሌላው ያ ሁሉ ጋዝ ባይለቀቅ ኖሮ የሚኖረው ዓለም ነው። ያው ዝናብ ወይም ሙቀት በሁለቱ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚከሰት ያወዳድራሉ።

በኤፕሪል 2025 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ሁለቱን ገጠማቸው። ከ111 ትልልቅ አምራቾች ጋር የተያያዘው ጋዝ ባመጣው ከባድ ሙቀት ብቻ ዓለም ከ1991 እስከ 2020 ባሉት ዓመታት 28 ትሪሊዮን ዶላር ገደማ ማጣቱን ገመተ። ሼቭሮን ከተባለው የነዳጅ ኩባንያ ጋር ለተያያዘው ጋዝ ብቻ የቀረበው ግምት ግን ከ791 ቢሊዮን እስከ 3.6 ትሪሊዮን ዶላር ይዘረጋል። ይህ ስፋት ራሱ አንድ ነገር ይነግረናል። አቅጣጫው ግልጽ ነው፣ ልኩ ግን ገና ጠባብ አይደለም። የኩባንያዎቹ ጠበቆች የሚይዙት ይህንን ስፋት ነው። ሕጎቹ በበኩላቸው ጥያቄውን በከፊል ሸሽተውታል። “ይህ ጎርፍ የዚህ ኩባንያ ነው” ብለው አይከራከሩም። ጠቅላላ ወጪውን በጋዝ ድርሻ ይከፋፍሉታል እንጂ።

ፍርድ ቤት የሚጠብቃቸው ክርክር

የአሜሪካ ንግድ ምክር ቤትና የነዳጅ ኩባንያዎቹ ማኅበር የሆነው የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት ቬርሞንትን የከሰሱት በዲሴምበር 2024 መጨረሻ ነው። በፌብሩዋሪ 2025 በዌስት ቨርጂንያ መሪነት 22 ግዛቶች ኒውዮርክን ከሰሱ። በኤፕሪል 8 ፕሬዚዳንት ትራምፕ እንዲህ ዓይነት የግዛት ሕጎችን እንዲያስቆም ለፍትሕ ሚኒስቴሩ ትዕዛዝ ሰጡ፤ ኒውዮርክና ቬርሞንት በስም ተጠቅሰዋል። ሜይ 1 ቀን ሚኒስቴሩ ሁለቱን ግዛቶች ከሰሰ።

ከሳሾቹ የሚያነሷቸው ነጥቦች ብዙ ናቸው። ሚዛን የሚደፉት ግን ሁለት ናቸው።

ዋናው የሥልጣን ነው። በአሜሪካ ሕገ መንግሥት የፌዴራል ሕግ የያዘውን ቦታ የግዛት ሕግ ሊይዝ አይችልም። ከሳሾቹ “ከጋዙ አብዛኛው የወጣው ከቬርሞንት ውጭ፣ ከአሜሪካም ውጭ ነው፤ አንዲት ግዛት ለዓለም ሁሉ ጋዝ እንዴት ዋጋ ትተምናለች?” ይላሉ። የንጹሕ አየር ሕግ የተባለው የፌዴራል ሕግ ጉዳዩን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቶታል ባይ ናቸው። በእጃቸው ጠንካራ ማስረጃ አለ። ኒውዮርክ ከተማ ሼቭሮንንና ሌሎች ኩባንያዎችን ከስሳ በነበረበት ጊዜ ሁለተኛው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በኤፕሪል 2021 ክሱን ውድቅ አድርጎታል። ዓለም አቀፍ ጋዝን የሚመለከት ጉዳይ በግዛት ሕግ አይዳኝም ብሎ ነው። ኒውዮርክና ቬርሞንት ደግሞ ሁለቱም በዚያው ፍርድ ቤት ሥር ናቸው።

ግዛቶቹ ልዩነት አለ ይላሉ። የያኔው የከተማ ክስ ነው፤ የአሁኑ በምክር ቤት የወጣ ሕግ ነው። ሕጉ ማንም ዛሬ ስንት ጋዝ ይልቀቅ ብሎ አይቆጣጠርም፣ ባለፈ ልቀት ለመጣ ወጪ ብቻ ያስከፍላል። በሌላ በኩል የሃዋይና የኮሎራዶ ጠቅላይ ፍርድ ቤቶች በ2023 እና በ2025 ከተሞች በነዳጅ ኩባንያዎች ላይ የመሠረቱት ክስ እንዲቀጥል ፈቅደዋል። የፌዴራሉ መንግሥት አቋምም ለክርክር በር ከፍቷል። የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው በጁላይ 2025 ሙቀት አማቂ ጋዝ ለጤና አደገኛ ነው የሚለውን የ2009 ውሳኔውን ለመሰረዝ ሐሳብ አቀረበ። ቁጥጥሩ የቆመው በዚያ ውሳኔ ላይ ነበር። “ቦታውን እናንተ ከለቀቃችሁ እኛን ለምን ትከለክሉናላችሁ?” የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም።

ሁለተኛው ነጥብ ሕጉ ወደ ኋላ ተመልሶ መሥራቱ ነው። ትናንት ሕጋዊ በነበረ ሥራ ዛሬ እንዴት እከፍላለሁ? ይህ ለሰሚ ጆሮ ሚዛናዊ ይመስላል። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ታሪክ ግን ለሁለቱም ወገን ይናገራል። በ1976 የከሰል ኩባንያዎች ሥራ ለለቀቁና በከሰል አቧራ ሳንባቸው ለታመመ ሠራተኞች እንዲከፍሉ የሚያዘውን ሕግ ፍርድ ቤቱ አጽንቷል። በ1998 ደግሞ ከከሰል ሥራ ከወጣ ብዙ ዓመት ባለፈው ኩባንያ ላይ የጡረተኞች የጤና ወጪ የጫነውን ሕግ በጠባብ ድምፅ አፍርሷል። ዳኞቹ የሚመዝኑት ክፍያው ከጉዳቱ ጋር ያለውን ተመጣጣኝነትና ኩባንያው ነገሩን አስቀድሞ ሊገምት ይችል እንደነበር ነው።

እዚህ ላይ የኩባንያዎቹ የራሳቸው መዝገብ ይመጣል። በጃንዋሪ 2023 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ኤክሰን የተባለው የነዳጅ ኩባንያ ሳይንቲስቶች ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሠሯቸው የሙቀት ትንበያዎች አብዛኞቹ ልክ እንደነበሩ አሳይቷል። አናውቅም ነበር ማለት ያስቸግራል። ቬርሞንት ቆጠራዋን የጀመረችው ከ1995 ነው። ያኔ የሪዮው የአየር ንብረት ስምምነት ከተፈረመ ሦስት ዓመት አልፎታል።

ሁለቱን ስመዝናቸው ሕጎቹን ሊጥላቸው የሚችለው የመጀመሪያው ነው። “ወደ ኋላ ተመለሰ” የሚለው ክርክር ሕዝብ ፊት ሲቀርብ ያሸንፋል፤ የሥልጣን ክርክሩ ግን ፍርድ ቤት ውስጥ የበለጠ ያሰጋል።

ቤንዚን ይወደዳል?

ተቃዋሚዎች “ዞሮ ዞሮ የሚከፍለው ሕዝቡ ነው” ይላሉ። ስጋቱ የሚናቅ አይደለም። ደመወዙን ጠብቆ የሚኖር ሰው ይህንን ቢጠይቅ መብቱ ነው። ግን ክፍያው እንዴት እንደተሠራ ማየት ይገባል።

መደበኛ የነዳጅ ታክስ በእያንዳንዱ ሊትር ላይ ነው። ሻጩ ለሚሸጠው ሊትር ሁሉ ይከፍላል፣ ስለዚህ ዋጋው ላይ ይጨምረዋል። ይህኛው ክፍያ የተሰላው ባለፈ ምርት ላይ ነው። ኩባንያው ዛሬ ብዙ ቢሸጥም ጥቂት ቢሸጥም ዕዳው አይለወጥም። ደግሞ ሁሉም ሻጭ አይከፍልም። ሕጉ የማይነካው ተፎካካሪ አጠገቡ አለ። ዕዳ ያለበት ኩባንያ ዋጋ ቢሰቅል ገዢው ወደዚያኛው ይሄዳል። የድፍድፍ ዘይት ዋጋም የሚወሰነው በዓለም ገበያ ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ ኢኮኖሚስቶች ጭነቱ በአመዛኙ በባለአክሲዮኖች ላይ ያርፋል ይላሉ።

ይህ ማለት ግን ምንም አይነካንም ማለት አይደለም። ተፎካካሪ ጥቂት በሆነበት የማጣሪያ ገበያ ኩባንያዎች ዋጋ የመጫን አቅም አላቸው። ብዙ ግዛቶች ተመሳሳይ ሕግ ቢያወጡና ድምሩ ቢገዝፍ ስሌቱ ሊለወጥ ይችላል።

“ሁላችንም አቃጥለናል”

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ ልብ የሚነካኝ ይህኛው ነው። የቬርሞንት ሰው ክረምቱን ያሳለፈው በማሞቂያ ዘይት ነው። ኒውዮርክም በነዳጅ ነው ያደገችው። ከነዳጁ ተጠቅመን ስናበቃ ሻጩን ብቻ መጠየቅ ፍትሕ ነው?

የሕጎቹ ደጋፊዎች መልስ እንዲህ ነው። ተጠቃሚው እየከፈለ ነው፤ ቤቱ በጎርፍ ሲወሰድ፣ መድኑ ሲወደድ፣ ግብሩ ሲጨምር ከፍሏል። እስካሁን ድርሻውን ያልከፈለው ከሽያጩ ያተረፈው ወገን ነው። ሌላው ልዩነት እውቀት ነው። ቤቱን ለማሞቅ ዘይት የገዛ ሰው ሌላ ምርጫ አልነበረውም፣ የአየር ንብረት ሞዴልም ጠረጴዛው ላይ አልነበረም። ይህ መልስ ብዙውን ያስኬዳል። ሁሉንም ግን አይዘጋም። መንግሥታት ራሳቸው ለነዳጅ ፈቃድና ድጎማ ሲሰጡ ኖረዋል። የእነሱ ድርሻ በየትኛው ዓምድ ይጻፍ? ሕጎቹ ይህንን አይነኩትም።

አንድ ነገር ደግሞ መታወቅ አለበት። እነዚህ ሕጎች የጋዝ ልቀትን በቀጥታ አይቀንሱም። ላለፈው ነው የሚያስከፍሉት። ልቀቱን የሚቀንስ ፖሊሲ ሌላ ነው።

ከሁለቱ ግዛቶች ባሻገር

ሌሎች ግዛቶች አድፍጠው እየጠበቁ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሎስ አንጀለሱ የጃንዋሪ 2025 እሳት በኋላ ተመሳሳይ ረቂቅ ቀረበ። ብዙ አማርኛ ተናጋሪ በሚኖርባት በሜሪላንድም በ2025 የክፍያ ሕግ ሆኖ የጀመረው ረቂቅ በክርክሩ መሀል ወደ ወጪ ጥናት ወርዷል። በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ግብር ለሚከፍል አንባቢ ነገሩ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ለኢትዮጵያም ግንኙነት አለው። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ የአፍሪካ ቀንድን ያደረቀውን ድርቅ ያጠኑ ሳይንቲስቶች የአየር ንብረት ለውጥ የመከሰት ዕድሉን ቢያንስ መቶ እጥፍ እንዳሳደገው በኤፕሪል 2023 ገልጸዋል። ቦረናና ሶማሌ ክልል ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደር በዚህ ጋዝ ውስጥ ያለው ድርሻ ከቁጥር አይገባም። ለእንዲህ ያለው ጉዳት “የኪሳራና ጉዳት ፈንድ” እንዲቋቋም አገሮች በ2022 ግብፅ፣ ሻርም አል ሼክ ላይ ተስማሙ። በ2023 ዱባይ ላይ አገሮች የገቡት ቃል 700 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ኒውዮርክ ብቻዋን በዓመት ልሰብስብ ያለችው ከዚያ አራት እጥፍ ይበልጣል። ልዩነቱ ያለው አወቃቀሩ ላይ ነው። የዓለሙ ፈንድ በፈቃደኝነት የሚሰጥ ነው፣ የኒውዮርኩ ግን የተቆጠረ ዕዳ ነው። የ2027ቱ የአየር ንብረት ጉባኤ፣ ኮፕ32፣ አዲስ አበባ ላይ ሲቀመጥ ይህ ልዩነት መነሳቱ አይቀርም።

ሕጎቹ ቢወድቁስ?

የቬርሞንት ገዥ ፊል ስኮት ሪፐብሊካን ናቸው። ሕጉን አልፈረሙም፣ አላገዱምም፤ ሳይፈረም ጸና። ትንሿ ግዛታቸው ለጥናቱ 600 ሺህ ዶላር ብቻ መድባ ከግዙፍ ኩባንያዎች ጋር መግጠሟ እንዳሳሰባቸው በጊዜው ጽፈዋል። ስጋታቸው ትክክል ሊሆን ይችላል። ግን ሕጉ ከጸና 41 ቀን በኋላ፣ ጁላይ 10 ቀን 2024፣ ጎርፉ በዓመቱ በዚያው ቀን ተመለሰ። ፕሌንፊልድ በምትባል መንደር የመኖሪያ ሕንፃ ውሃው ይዞት ሄደ።

እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ የፌዴራሉ የአደጋ መሥሪያ ቤት እርዳታውን ካጸደቀ ለመንገድና ለድልድይ ጥገና በተለምዶ 75 ከመቶውን ይሸፍናል። ቀሪው በግዛቱና በመንደሩ ላይ ነው። ደጋግሞ የተጥለቀለቀን ቤት መንግሥት ገዝቶ ያፈርሰዋል፣ ቦታውም ዳግም አይገነባበትም። ቤቱ ሲፈርስ ከእሱ ይመጣ የነበረው የንብረት ግብር አብሮ ይጠፋል። የመንደሩ ትምህርት ቤትና መንገድ ግን ወጪያቸው አይቀንስም። የጎደለውን በየዓመቱ የሚከፋፈሉት እዚያው የቀሩት ነዋሪዎች ናቸው።